ከሐኪሙ የደበቅሁት አረቄ

የመጀመሪያው ምልክት የእጅ መንቀጥቀጥ ነበር። የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጎንደር በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልብን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ልሥል ጠመኔ አነሣሁ። መስመሩ አልቀና አለኝ። ተማሪዎቼ ብርድ የመታኝ መሰላቸው። እኔም "ብርድ ነው" አልኋቸው።

ብርድ እንዳልሆነ ዐውቅ ነበር። አረቄ ካቆምሁ ገና አንድ ቀኔ ነው።

የጀመርሁት የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ የተወለደ ጊዜ ነው። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ አንዲት ጎረቤት "ትንሽ ቅመሽ፣ ያስተኛሻል" ብላ ሰጠችኝ። ክፋት አላሰበችም። እውነትም አስተኛኝ። ውሎ አድሮ ግን ለመተኛት ብቻ ሳይሆን ከአልጋ ለመነሣትም የምፈልገው ሆነ። የምንኖረው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ነው። ባለቤቴ ዳኛቸው ዩኒቨርሲቲ ስለሚሠራ ማልዶ ይወጣል። ጠርሙሱን በጤፉ በርሜል ውስጥ ቀብሬ፣ ዝንጅብል አኝኬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የንስሐ አባቴ ቤታችን ሲመጡ ራሴን አመመኝ ብዬ እተኛለሁ።

በዚያ ጾም ለማንም ሳልነግር፣ ብቻዬን ልተወው ተሳልሁ። ማክሰኞ ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ደረቴን ደበደበው። ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወደቅሁ። ስነቃ አፌ ደም ደም ይላል። ምላሴን ነክሻለሁ።

ወደ ሆስፒታል ተወሰድሁ፤ እዚያ ዶክተሩ ጠየቀኝ።

"መጠጥ ትጠጫለሽ?"

ዳኛቸው አጠገቤ ቆሟል። "በጭራሽ" አልሁ።

"እሷ ጠላ እንኳ አትቀምስም፤ እኔ ምስክር ነኝ" አለ ዳኛቸው።

ዶክተሩ የነገርነውን ይዞ የሚጥል በሽታ ሊሆን እንደሚችል ገለጸልን፤ ፌኒቶይን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። ቤት ገብቼ ክኒኑን ዋጥሁ። ከዚያ በርሜሉን ከፈትሁ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ዳኛቸው መድኃኒቱ ሠራልን ብሎ አምላኩን አመሰገነ።

ከፋሲካ በኋላ አማቴ ጠበል ትጠመቅ አሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጠበል ከዳኛቸው ጋር ወሰዱኝ። እዚያ አረቄ የለም። እንደገና ወደቅሁ። ሰዉ ክፉ መንፈስ ነው አለ። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን ይታየኝ ጀመር። መሞቴ ነው ብዬ የንስሐ አባቴን አስጠራሁ።

መጡ። ሌላውን ሰው አስወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከልጄ ሞት ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልቆጡኝም።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን" አሉ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ "ኃጢአትሽን ለእግዚአብሔር ተናግረሻል፤ እሱ መሐሪ ነው። ሐኪሙ ግን እስካሁን አልሰማም። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠን አንድ አምላክ ነው። አሁኑኑ ሂጂ።"

"እርስዎ ለዳኛቸው ይንገሩልኝ፣ አባ።"

"በንስሐ የሰማሁትን ላወጣ አልችልም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

ዳኛቸውን ጠርተው እሳቸው ወጡ። ነገርሁት። ፊቱን አዞረ። ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ።

"ምስክር ነኝ ብዬ ነበር እኮ" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ደግፎ አስነሣኝና መኪና ፈልጎ ሆስፒታል አደረሰኝ።

ዶክተሩ ያው ነበር። እውነቱን ስነግረው አልገሠጸኝም። "የወደቅሽው መጠጡን በድንገት ስላቋረጥሽው ነው። ያለ ሕክምና ብትቀጥዪ ልትሞቺ ትችዪ ነበር" አለኝ። አስተኛኝ። ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያና ቲያሚን የሚባል ቫይታሚን ተሰጠኝ። ጉንዳኖቹ ጠፉ። ላቤ ደረቀ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ያለው መንገድ ረጅምና ቀስ ያለ ነበር፤ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ከምታማክረኝ ነርስ ጋር እየተቀመጥሁ፣ አልቅሼለት ለማላውቀው ልጄ ገና ያኔ አለቀስሁለት፣ ዳኛቸውም ለካ ለብቻው ሲያለቅስ ኖሯል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተሰናክዬ ጠጥቻለሁ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ለዳኛቸውም ለነርሷም ተናገርሁ። ንስሐዬን ስጨርስ ከባለቤቴ ጋር ሥጋ ወደሙን ተቀበልሁ። በጽዋ ማኅበራችንም ጠላው ሲቀዳ ተነሥቼ፣ በዚህ ታምሜ እንደነበር ነግሬ፣ ለእኔ ውኃ እንዲያቀርቡልኝ ለመንኋቸው። ስንበታተን አንዲት እናት እስከ በር ተከትላኝ መጣችና፣ "የታከምሽበትን አሳዪኝ" አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ በማግሥቱ አብረን ሄድን።

ይህን የምታነቡና እንደ እኔ የምትደብቁ ካላችሁ፣ ጾምም ይሁን ስለት፣ ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቁሙ። ለንስሐ አባታችሁ፣ ለሐኪማችሁና በቤት ውስጥ ለሚያምናችሁ ሰው ንገሩ። የነገራችሁት ሰው ቢያዝንባችሁ ጊዜ ስጡት፤ ዳኛቸውም እኔን መልሶ ለማመን ጊዜ ወስዶበታል። ይህን ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሞ ያነበበው እሱ ነው። ስሙን ከጽሑፉ ላውጣው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ "ተዪው፣ ይኑር፤ ሚስቱ የምትደብቅበት ሰው ካለ እኔን አይቶ ይማር" አለኝ። ተመስገን።