የአይላቀቅ በር

አይላቀቅ አባታቸው ያወጣላቸው ስም አይደለም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የበየዱት ብረት ተላቅቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ የሰጣቸው ነው። እሳቸውም ወደውት ነበር። አንድ ጊዜ «የሠሩልኝ በር ይንቀጠቀጣል» ያላቸውን ደንበኛ እዚያው በሩ ፊት አቁመው በጥፊ አጩለውት፣ «አሁን ማን ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብለውታል ይባላል። ይባላል ልበል እንጂ እውነት ነው።

እጃቸው ከአፋቸው ይቀድም ነበር። ሠራተኛ የመበየጃውን ገመድ ሳይጠቀልል መሬት ላይ ጥሎ ከሄደ፣ ያንኑ ገመድ አጥፈው ጀርባውን ይገርፉታል። «ገመድ ሰው ይጥላል!» እያሉ። ሥራ የተዉት ዓይናቸው ሲደክምና እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው፤ ቁጣቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩ የራሳቸው ሥራ ነው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውስጥ ክንድ በሚያክል መወርወሪያ የሚዘጋ ብረት። ምስጢርም አለው። ሚስታቸው መታመም ሲጀምሩ «ከውስጥ ቆልፌ ብወድቅ ማን ያነሣኛል?» እያሉ ስለጨቀጨቋቸው፣ የሁለቱን ማጠፊያዎች ፒን ሳይበይዱ ትተው በቀለም ሸፈኑት። ከታች በመዶሻ ሁለቴ ከመቱት ፒኑ ይወጣል፣ በሩም ከነመወርወሪያው ይነሣል። ይህን የሚያውቀው ልጃቸው ብቻ ነበር።

ልጅየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዓመት ሙሉ «አባባ፣ እኔ ዘንድ ና፤ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ» እያለ ለምኗቸዋል። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ አንዴም ምድጃ ለኩሰው ረስተው መጋረጃው ተቃጥሏል። እሑድ ጧት ልጁ ሳይናገር መኪናውን ደጃፍ አቁሞ ከሁለት ወዛደሮች ጋር ገባ።

«አልጋውን አንሡ» አላቸው።

«እጃችሁን ከአልጋዬ ላይ!» አሉ አይላቀቅ።

«አባባ፣ በቃ። ብቻህን ሞተህ፣ መሞትህን ጎረቤት እስኪነግረኝ አልጠብቅም።»

«ሞቼ ነው ከዚህ የምወጣው!»

አንደኛው ወዛደር ፈገግ አለ። ፈገግታው ሳያልቅ አዛውንቱ ከኪሳቸው የመዘዙት ፒንሳ ቅንድቡን ሰነጠቀው፤ ደሙ ፊቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ጓደኛው አልጋውን ለቆ ሲሸሽ ወንበር ጀርባው ላይ ተሰበረ፤ ሁለቱም ወደ ደጅ ወጡ። ልጅየው አባቱን ከኋላ አንቆ ያዛቸው። እሳቸውም ጎኑን በክርናቸው ደልቀው፣ ክንዱን ነክሰው፣ ገፍትረው ከደጃፍ አወጡት። እንዳይዘጉበት ብሎ ቀኝ እጁን መቃኑ ላይ ጣለ።

እጁን አይተውታል። ሳያዩ ዘጉ የሚል ካለ ዋሽቷል፤ እያዩት ነው ያንን ሁሉ ብረት በሙሉ ጉልበታቸው ስበው ያላተሙት። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ልጁ ግን አልጮኸም። የደቀቁ ጣቶቹን እያወጣ በክፍተቱ አባቱን አያቸው።

ወዛደሮቹ ሐኪም ቤት ወሰዱት። የአይላቀቅ ደም ገና ይፈላ ነበር። «ያ ልጅ ፒኑን ያውቃል» አሉ ለራሳቸው። መበየጃውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ፣ ገመዱን ሰኩ፣ ደጅ ቆሙና ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራው ደግፈው ሁለቱንም ፒኖች በየዱ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ከደጇ ሆና «ጋሼ፣ በገዛ ልጅዎ ላይ?» ብትላቸው፣ «አንቺ መርፌሽን ያዢ!» አሏት። መበየጃውን ጎትተው አስገቡና መወርወሪያውን ወረወሩ። ገመዱን አልጠቀለሉትም።

ማክሰኞ ጧት ያው ገመድ እግራቸውን ጠልፎ ሲሚንቶው ላይ ፈነገላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከጮኹ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ደግሞ ቤቱ አበቃለት። ከንፈራቸውን ደም እስኪወጣው ነክሰው ሲሚንቶውን እየቧጠጡ ወደ አልጋው ተሳቡ፤ አንድ ክንድ ሳይሄዱ ዓለም ጠቆረባቸው። ሲነቁ ገመዱን በቡጢ ደበደቡት። ረቡዕ ጧት ጥሙ ኩራታቸውን አሸነፈውና የአልጋውን እግር በፒንሳ ይቀጠቅጡ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ በመስኮቱ ፍርግርግ አየቻቸው። ለልጁ ደወለች፤ መዶሻ ይዞ ደረሰ።

«አባባ! አትነቃነቅ፣ ፒኑን አወጣዋለሁ!»

መዶሻው ከታች መታ። ፒኑ ንቅንቅ አላለም።

«አባባ... በየድከው እንዴ?»

«በየድኩት።» ከዳሌያቸው ስብራት ይልቅ ይህች ቃል አመመቻቸው። «የኔ ብየዳ በመዶሻ አይሆንልህም። ሂድ፣ ብረት መቁረጫ ፈልግ።»

ልጁ አልሄደም። ቀኝ እጁ በጄሶ ስለታሰረ በግራው ነበር የሚመታው። አንዴ መታ። ደገመ። በሦስተኛው የላይኛው ብየዳ ቀጭ ብሎ ተነቀለና ደጅ ላይ ተንከባለለ። የታችኛው አንድ ምት ብቻ በቃው። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሆነው በሩን አንሥተው ወደ ጎን ጣሉት።

ልጁ አጠገባቸው ተንበርክኮ ውኃ አጠጣቸው። ሊያነሣቸው ሲል «ቆይ» አሉት። «ያን ቁራጭ አምጣልኝ።»

አመጣላቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ብረቱን ሳይነክስ ከላይ ከላዩ የተለጠፈ ነበር። ሠራተኛቸው እንዲህ ቢበይድ ያን ቀን ጥርሱን ያረግፉት ነበር።

«ይሄ የኔ ሥራ ነው?»

«ያንተ ነው፣ አባባ።»

የልጁን ጄሶ በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን አሳረፉበት፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች።

«ያ አዘጋጀሁልህ የምትለው ክፍል» አሉ በመጨረሻ፣ «በሩ የምንድን ነው?»

«የእንጨት ነው።»

«መወርወሪያ አለው?»

«የለውም፣ አባባ።»

«ደግ። በል አሁን አንሣኝ።»