ጭቃ ላይ ያስማልኩት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ፣ ተሳሳትኩና ጾም ገደፍኩ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረዝር ኖሬያለሁ። እሳቸው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም ትልቁን ነገር ይዤው እመለሳለሁ። ሰፈሩ ደግ ሴት ናት ይለኛል።

ታናሽ እህቴ የሺ ካገባች በኋላ ለዓመታት ልጅ አጣች። እኔ ደግሞ በላይ በላዩ ወለድኩ። ሦስተኛው ልጄ ናሁሰናይ ነው፤ ናሁ እንለዋለን። በእኛ ቤተሰብ ልጅ ላጣች እህት ልጅ መስጠት ነውር አይደለም፤ የሰጠችው ትመሰገናለች። ያኔ የምኖረው ከዚህ ሩቅ፣ ማሻ ነበር። ክርስትና እንደተነሣ ባለቤቴም እሺ ብሎ፣ አባታችንም መርቆ፣ እዚህ መካነ ሰላም ድረስ አምጥቼ ለየሺ አስታቀፍኳት። ከእንግዲህ ያንቺ ነው፤ እሱም አያውቅም፤ እኔም ትንፍሽ አልልም አልኳት። ማንም አላስገደደኝም። በገዛ አፌ ነው ያልኩት።

በዚህ ከተማ ከሁለታችን ቤት ውጭ ነገሩን የሚያውቁት የየሺ ጎረቤት እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ናሁ ያደገው በእሳቸው ላም ወተት ነው። ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ የሺን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል አጥሩ ላይ መሿለኪያ ነበረ። በዓሉ የእስላም ይሁን የክርስቲያን፣ ሰሃን በዚያ በኩል ይመላለስ ነበር።

ኋላ ባለቤቴ ሥራ ተዛወረና እኛም መካነ ሰላም ገባን። ልጄን በየቀኑ ማየት ጀመርኩ። እሷን እማ ይላታል፤ እኔን አክስቴ ይለኛል። እለምደዋለሁ ብዬ ነበር። ለምጄዋለሁ ብዬም ራሴን አታልያለሁ።

ያ ቀን የመስቀል ሰሞን ነው፤ ናሁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከአረብ አገር የተመለሰ አንድ ወጣት ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ከፍቶ ነበር። የመኪና ጎማ መሬት ውስጥ ግማሽ ድረስ ቀብሯል፤ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጥሯል፤ ከግንድ ድልድይ ሠርቷል። ከድልድዩ ሥር ክረምቱ የተወው ጭቃ አለ። እውነቱን ለመናገር ልጆቹ የሚጓጉት ለጭቃው ነበር። ሁለቱ ቤተሰብ ምሳ ቋጥረን ሄድን። የሺ ጫማዋን አውልቃ ከልጆቹ ጋር ጭቃው ውስጥ ገባች፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ባሏ በስልኩ ፎቶ አነሣን። ፎቶው ዛሬም ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ።

የሺ እግሯን ታጥባ ምሳ ልታቀርብ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ናሁ ከድልድዩ ተንሸራተተና በደረቱ ወደቀ። ከሁሉም ቅርብ እኔ ነበርኩ። ቀሚሴን ሳልሰበስብ ገብቼ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ግን እኔን አልፎ ወዲያ ማዶ እያየ እማ ብሎ ተጣራ። ምን እንዲል ጠብቄ ነበር? ማንን ሊጠራ ኖሯል? ልጅ የሚያውቃትን ጠራ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ተናደድኩ።

ጎትቼ አወጣሁትና ውኃ ወዳለበት በርሜል ወሰድኩት። በጣሳ እየቀዳሁ አጠብኩት። ገላውን ሳጥብ ከሕፃንነቱ ወዲህ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የእግሩ ጣቶች የአባቴን ጣቶች ቁርጥ ናቸው። እጄ ጠንክሮበት መሰለኝ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አክስቴ ቀስ በይ፤ እማ እንዲህ አትፈትገኝም።»

ክፉ ነገር አልተናገረም። ስላመመው ነው የተናገረው። እኔ ግን ጣሳውን አስቀምጬ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ ረጋ ብዬ፣ እሷ አልወለደችህም፣ የወለድኩህ እኔ ነኝ አልኩት። በንዴት አመለጠኝ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላመለጠኝም። እንዲያመው ፈልጌ ነው ያልኩት።

አላለቀሰም። ግማሽ የታጠበ እግሩን አየ። ከዚያ፣

«እማ ታውቃለች?» አለኝ።

ታውቃለች አልኩት። ይህችን እንኳ ልተውለት አልቻልኩም።

ወዲያው ፍርሃት ያዘኝ። ለእሱ እንዳይመስላችሁ የፈራሁት፤ ለራሴ ነው። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ጭቃ ነክቶት ነበር። ያንን ጭቃ የነካ ክር በእጁ አስያዝኩትና፣ እኔ እንደነገርኩህ ለማንም እንዳትናገር በዚህ ማል አልኩት። ማለ። ምሳው ቀርቦ የሺ ልጁ ለምን ዝም አለ ብላ ስትጠይቀኝ በርዶት ነው አልኳት። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው፤ እሱም ነጠላው ውስጥ ተሸሽጎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ምግብ ጠላ። አንድ ቀን የሺን የወለደኝ ማነው ብሎ ጠየቃት። ማን ነገረህ ብትለው፣ ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ባሏ ቢቆጣው አልተነፈሰም። የሺ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። ማን ነው ጉድ የሠራኝ አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? የማንንም ስም አልጠራሁም። ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ማነው ብቻ አልኳት። ጥያቄ ነው እንግዲህ፤ ጥያቄ ውሸት አይባልም። ለዓመታት በዚህች ብልጠቴ ተጽናንቻለሁ።

የሺ እትዬ ዘይነባ ላይ ዘመተች። ሴትዮዋ ወላሂ ከአፌ አልወጣም ብለው ቢምሉም አልሰማቻቸውም። ባሏ መሿለኪያውን ቆርቆሮ መትቶ ዘጋው። ምስማር እያቀበለ የሚያሠራው ናሁ ነበር። አንድ አንዱን እየሰጠ፣ በመሐል ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ወደ ሌላ ዞርኩ።

እትዬ ዘይነባ ልጃቸው ጋ ደጎሎ ከተማ ሊኖሩ ሲነሡ ቤቴ መጡ።

«አንቺ ታላቋ ነሽ፤ ቃልሽን ትሰማለች። ልጁን እኔም አሳድጌዋለሁ፤ አስታርቂኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለልጆቼ፣ ለትዳሬ፣ ለጤናዬ። እኔም አሜን አልኩ። ያንን አሜን ከምን ጉሮሮ ነው ያወጣሁት?

ናሁ አሁን ጎልማሳ ነው፤ ደሴ ይሠራል። የሺን እማ ማለት ከተወ ቆይቷል፤ በስሟ ይጠራታል። ስትሰማው ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ጓዳ ትገባለች። እኔንም እማ ብሎ አያውቅም። ያቺን ቃል ለራሴ ተመኝቼ ከእህቴ ቤት አጠፋኋት፤ ወደ ቤቴም አልገባችም።

ያለፈው ፋሲካ መጣና ከምነግድባት ትንሽ ሱቄ በር ላይ ቆመ። እትዬ ዘይነባን ደጎሎ አይቷቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፁ ለይተው አቀፉት፤ ያቺ ልጅ ዛሬም ተቀይማኛለች ወይ ብለው ስለ የሺ ጠየቁት። ይህን ነገረኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ከመሐላዬ ፍቺኝ» አለኝ።

ሊነግርብኝ ይችል ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን በስምንት ዓመቱ የማለውን ጠብቆ ፈቃድ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔስ ምን አልኩት? በዓሉ ይለፍ አልኩት። በዓሉ አለፈ። ከዚያ ወዲህም ሌሎች በዓሎች አልፈዋል፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለማታውቁኝ ሰዎች መናገር እንደሚቀልለኝ አውቄ ነው ለእናንተ የነገርኩት፤ ይህም እንደ ንስሐ እንዳይቆጠርልኝ። የየሺ ቤት ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ ነው። በሯ ቀን ሙሉ ክፍት ነው።