ሥጋቸውን ሳይሆን ምክራቸውን

የልጅ ልጄ ሰሞኑን የገንዘብ አማካሪ አግኝቶ ደስታው ሌላ ነው። «እማማ፣ የኛው ሰው እኮ ነው፤ ማተቡ ከሩቅ ይታያል» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለኔም በልጅነቴ ባለማተብ አማካሪ ተመርጦልኝ ነበር።

አባቴ ሲሞት የተወልኝ አንዲት በቅሎ ነበረች። ሸጥኋትና ገንዘቡን በመቀነቴ ቋጠርሁ። የማድረው አጎቴ ቤት ነበርና እሱ የጽዋ ማኅበርተኛውን አማካሪ አደረገልኝ። ሰውየው ዳዊት ደጋሚ፣ ጾም የማይሽር ነው፤ እውነትም አይሽርም። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ ሰው ዘር ፍለጋ የሚንከራተትበት። ታዲያ ምክሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? ለጎረቤታችን ለእትዬ ዝማም በአራጣ እንዳበድር፣ ያላትን አንድ በሬ በመያዣ እንድወስድ።

«መክፈል አትችልም፤ ለመስከረም በሬው ያንቺ ነው» አለኝ እየሳቀ።

እትዬ ዝማም እናቴ በወሊድ ስትሞት ጡቷን ያጠባችኝ ሴት ናት። ሆዴ እምቢ አለኝ።

በገበያው ቀን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምሁ በጭቃው ሰቆጣ ወጣሁ። አባቴ ማር የሚሸጥላቸው አያ አደም የሚባሉ የጨው ነጋዴ ነበሩ።

«አያ አደም፣ ይምከሩኝ።»

«አጎትሽ እያለ፣ ልጄ?»

«የሱ ምክር አራጣ ነው።»

የጨው አሞሌውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለኛ ሐራም ነው። ለናንተ ተፈቅዷል እንዴ?» ሲሉኝ አፈርሁ። ቀጥለውም፣ «ዘር ግዥላት፤ ሲደርስ ያንኑ ያህል ትመልስልሽ። በቀረው በጎች ገዝተሽ በርቢ ስጫት። ግልገሉን ትካፈላላችሁ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። አጎቴ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ።

«እስላም ይምከርሽ? ነገ ሥጋቸውንም ልትበይ ነው!»

«ሥጋቸውን አልበላም፤ ምክራቸውን ግን እበላለሁ! ማተብ አንገት ላይ ሲታሰር እጅንም የሚያስር መስሎኝ ነበር።»

«ውጪልኝ!» አለኝ። ወጣሁ፤ እትዬ ዝማም ቤት ገባሁ። ያን ክረምት ሰው ሁሉ ሲያማኝ አንገቴን አልደፋሁም። ዛሬም አልደፋም።

በጎቹ ረቡ። ስዳር ከመንጋው የሰባውን ሙክት ከነነፍሱ ለአያ አደም ሰጠሁ፤ እንደ ወጋቸው አርደው ከወገኖቻቸው ጋር በሉ። አጎቴ ለሠርጉ ዘግይቶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ምርጡን ለእስላም ሰጠሽው አሉ?»

«የመከሩኝ እሳቸው ናቸዋ። ለእርስዎም ወጥ አለ፤ ይግቡ» አልሁት። ገብቶ በላ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያው ሙስሊም አማካሪ ልፈልግ?» አለኝ።

«ክርስቲያኑን ያዝ፤ ማን ከለከለህ? ብቻ ይህን ያህል ታተርፋለህ ሲልህ፣ የማን በሬ እንደሆነ ጠይቀው።»