ንግደት ጠብቄ ወደ አባ ሻውል

ዓዲግራት፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሳ እኔ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ደሴ አደርን፣ መቀሌ አደርን፣ ትናንት እዚህ አደርን፤ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። እንቅልፍ ግን ወይ ፍንክች! ዛሬ አስመራ እገባለሁ።

አስመራ የሄድኩት የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። የወጣሁት ደግሞ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ፣ በግንቦት ሰማንያ ሦስት። አባቴ ጎጃሜ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ለጦሩ ልብስ ሲያድል የኖረ ሃምሳ አለቃ። የተከራየነው አባ ሻውል በሚባለው የአስመራ ሰፈር፣ ኣደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ዓመት ያጠበችኝ፣ ያበላችኝ፣ ከልጆቿ ጋር ባንድ አልጋ ያስተኛችኝ ኣደይ ለተብርሃን ናት፤ ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው።

ከተማዋ በተያዘች ሰሞን አባቴ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር። እናቴና እኔ ገና ጎህ ሳይቀድ ጭነት መኪና ላይ ወጣን። የኣደይ ለተብርሃን በር ከበራችን አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አላንኳኳሁም። ፈራሁም፣ አፈርኩም፤ የትኛው እንደበለጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩላትም። አሁን ሄጄ ፊት ብትነሳኝስ?

ስለዚህ ብልጠት አመጣሁ። አስመራ ውስጥ ንግደት የሚባል ነገር አለ፤ የሰፈሩ ታቦት በዓመት አንዴ ሲከበር ቤቱ ሁሉ ይደግሳል። በዚያ ቀን በር አይዘጋም። የሚያውቁትም የማያውቁትም ይገባል፣ ይበላል፣ ስዋ የሚሉትን ጠላ ይጠጣል፣ መርቆ ይወጣል። ማን ነህ፣ ከየት ነህ የለም። የአባ ሻውል ንግደት ነገ ነው። ነገ ከሄድኩ ማንም ሊያስወጣኝ አይችልም። በዚህ ሐሳቤ ሦስት ሌሊት ሙሉ ስኮራ ነው የመጣሁት።

ዛላምበሳ፣ ሁለት ሰዓት

ገመድ ተወጥሯል። ጎማ ጫማ ያደረገች ወጣት ታጋይ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ መታወቂያ ታያለች። ፀጉሯ ጎፍሯል፣ ወገቧን ታጥቃለች፣ ፈገግታዋ የተማሪ ነው።

«ናበይ? ወዴት ነው?»

«አስመራ።»

«ዘመድ ኣለሽ?»

ምን ልበላት? ዘመድ ይኑረኝ አይኑረኝ የማውቀው ነገ ነው። «አለኝ» አልኳት። መታወቂያዬን መለሰችልኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ሰገነይቲ፣ አምስት ሰዓት

በዚህ መንገድ ያለ እጀባ የሄድኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ፊት ታንክ፣ ኋላ ታንክ፣ መሐል እኛ፤ ሽንት ለመውረድ እንኳ የመቶ አለቃ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሾፌሩ ሰው «ደክሞኛል» ባለው ቁጥር ይቆማል! ዳዕሮ የሚሏቸው ትልልቆቹ የሾላ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተው በቦታቸው አሉ። ከሥራቸው ሴቶች ቲማቲምና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣሉ። ሁለት እንቁላል በሃምሳ ሳንቲም ገዝቼ ጨው ነስንሼ በላሁ፤ እንዲህ የጣመኝ ምግብ የለም።

ሾፌራችን አያ ተኽለ የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ከደቀምሓረ በኋላ መንገዱ ቁስል ብቻ ሆነ። መሪውን ወዲህ ወዲያ እያዞረ ይቀልድብኛል።

«እህቴ፣ ይሄ ጕድጓድ የናንተ መድፍ የቆፈረው ነው። ያኛው ደግሞ የእኛ።»

«ልዩነቱን በምን አወቅህ?»

«ኣይፈልጥን፤ አላውቅም። ሁለቱም ጎማ ይበላሉ።»

አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ የሚቀለድበት ቀን ይመጣል ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ያኔ ዕብድ ነበር የምለው።

አስመራ፣ ስምንት ሰዓት

የከተማዋ መግቢያ ጎዳይፍ ስንደርስ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። አያ ተኽለ «ተቀመጪ፣ ኣይትሃድምን፤ አታመልጥሽም» ቢለኝም አልሰማሁትም።

ዘንባባዎቹ! ብስክሌቶቹ! ዕቃዬን ፔንሲዮን ጥዬ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ልጅ ሳለሁ በዚህ መንገድ ላይ ጣሊያን ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይባባሉ ነበር፤ በፈረስ ጋሪ ገበያ እንሄድ ነበር፤ በታኅሣሥ ብርዱ ሲበረታ በሊቶሪና ባቡር ወደ ምጽዋ ሙቀት እንወርድ ነበር። ከዚያ ጋሪው ጠፋ፣ ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሮጥ ነበር። በሰዓት እላፊ ያደገ ልጅ የከተማውን መብራት ከመስኮት ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ግን ሰው እንደ ጉድ ይንሸራሸራል። ክንድ ለክንድ ተያይዞ እስከ ፌርማታው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። የመንገዱ ስም ተቀይሯል፤ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ስሙም ቀለሙም ተቀይሯል፤ ሬዲዮው በትግርኛ ይዘፍናል። በእኔ ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ ፈልጌ አንድም አጣሁ። አልዋሽም፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ማኪያቶ ያመጣልኝ አሳላፊ በአማርኛ ሳመሰግነው «ገንዘብኪ፤ ምንም አይደል፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝና ቅሬታዬ እዚያው ቀረ።

አባ ሻውል፣ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። በሌላው ቀን ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጆሮ የሚያደነቁሩበት ጠባብ መንገድ ዛሬ ጭጭ ብሏል፤ በየበሩ ከበሮና እልልታ ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ያነሱ መሰለኝ። ወይስ እኔ ነኝ የትልቅ ከተማ ሰው የሆንኩት?

የኣደይ ለተብርሃን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከማላውቃቸው እንግዶች ጋር ተቀላቅዬ ገባሁ። አንዲት ወጣት እጄን አስታጠበችኝ፣ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ዝግን የተባለውን ቀይ ወጥ አቀረበችልኝ። ተሳካልኝ አልኩ በልቤ። ገና አንድ ጕርሻ እንዳነሳሁ ኣደይ ለተብርሃን እንጀራ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ለእንግዳው ሁሉ እየጨመረች መጥታ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ተንስኢ» አለች። «ተነሽ።»

ተነሳሁ። በንግደት ቀን ሰው ሲባረር የመጀመሪያዋ እኔ ልሆን ነው አልኩ በልቤ።

«ጋሻ ዲኺ? እንግዳ ነሽ አንቺ? በንግደት የሚመጣው እንግዳ ነው። በሌላው ቀን የእኔ በር ጠፍቶሽ ነው?»

«ኣደይ፣ ያን ቀን ሳንሰናበት የሄድነው...»

«መኪናውን ሰምቻለሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ብወጣ እናትሽ ታለቅሳለች፣ መኪናው ጥሏችሁ ይሄዳል ብዬ ነው የቀረሁት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ወዲያና ወዲህ ሁለታችንም ቆመን ነበር ማለት ነው። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ የእንጀራ ሰፌዱን ለልጅቷ ሰጠችና በባዶው እጄ ላይ የስዋ ማሰሮ አስቀመጠችበት። ከባድ ነበር።

«የቤት ልጅ በንግደት ትቀመጣለች? ነውር አታውቂም? እዚያ ያሉት ሽማግሌ ኩባያቸው ባዶ ነው፤ ኪዲ!»

ሄድኩ። ስቀዳላቸው ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩት። ሽማግሌው ኩባያቸውን በእጃቸው ከለል አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«ለተብርሃን፣ ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ጓለይ እያ፤ ልጄ ናት» አለች ኣደይ ለተብርሃን ወደ ጓዳ እየገባች። «ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው የመጣችው። ዛሬ ማንም እንዳያስቀምጣት።»

እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ ድረስ ማንም አላስቀመጠኝም።