ማንሻው ላይ የታሰረው ሲባጎ

ኅዳር ሲገባ የቶኩጂ ጋራዥ ይገማል። የመንደሩ ሰው ባለፈው መጋቢት በረዶ መጥረጊያ ማሽኑ ውስጥ ትቶት የከረመውን ቤንዚን እንዳለ ይዞለት ይመጣል፤ ቡናማ ሆኖ፣ ረግቶ፣ የተበላሸ ቀለም ቀለም ይሸታል። አንዱ ማሽን ሆድ ውስጥ አይጥ ወልዳ ሞታበታለች። ሌላው ከነአምናው ጭቃ ዝጓል። «አልነሳ አለኝ» ይሉታል፣ ጥፋተኛው ማሽኑ ይመስል። ቶኩጂ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አርባውን ያሳለፈው እዚሁ ጃፓን፣ ያማጋታ ተራሮች ሥር የሰው ስንፍና ሲያጥብ ነው። ከሰው ቁመት በላይ በረዶ በሚከመርበት አገር፣ በረዶውን በፊት ጥርሱ ፈጭቶ በአንገቱ የሚተፋላቸውን ማሽን እንደ አሮጌ ባልዲ ወርውረው የሚከርሙ ሰዎች ያስጠሉታል።

ከሁሉ የሚያስጠላው ግን ሲባጎው ነው። ማሽኑ የሚሄደው እጀታው ላይ ያለው ማንሻ ተጨብጦ እስከተያዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እጁ ይለቃል፣ ማሽኑም ቀጥ ይላል። የመንደሩ ሰው ታዲያ ማሽኑ እየቆመ እንዳያዘገየው ማንሻውን በሲባጎ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ጎረቤት ሳይነሳ ደጁን ያልጠረገ ቤት ስሙ በክፉ ስለሚነሳ ሁሉም ይጣደፋል። በረዶ የማሽኑን አፍ ሲወትፈው እንኳ ሞተሩን ሳያጠፉ እጃቸውን የሚከቱ አሉ። ቶኩጂ ሲባጎ ባየ ቁጥር በቢላዋ በጥሶ፣ እያዩት ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላቸዋል።

የማይናገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ካንዞ። ታላቅን መገሠጽ ነውር ነው። ስለዚህ ላለፉት ስድስት ክረምቶች የካንዞን ሲባጎ አፉን ዘግቶ ሲቆርጥ ኖረ። ዘንድሮ ካንዞ ሰባ አምስት ደፈነ። ጥር ላይ ማሽኑን ለጥገና ሲያመጣው ማንሻው ሦስት ዙር ተጠፍንጓል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሲባጎ ነዋ! ታወርክ እንዴ?»

«ወደ ኋላ ስትነዳው ከግድግዳ ጋር ቢያጣብቅህስ? ማን ያቆምልሃል?»

«እኔ በረዶ መጥረግ የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ነው።»

«በአካፋ ነበራ! አካፋ ሰው አይጨፈልቅም።»

«በል ሥራህን ሥራ፣ አትለፍልፍብኝ።»

ቶኩጂ እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። «ሁለተኛ አላስርም ብለህ ካልማልክልኝ ማሽኑ ከዚህ ንቅንቅ አይልም» አለ። ለታላቁ እንዲህ መልሶለት አያውቅም። ካንዞ በሩን በርግዶ ወጣ።

በረዶው ሦስት ቀን ሙሉ ሲጥል ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የካንዞ ሚስት ሱሚኤ መጣች።

«ባክህ ስጠን» አለችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ጎረቤት ነው የጠረገልን። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። ወንድምህ መጋረጃ ዘግቶ ተቀምጧል፤ እህልም አልቀምስ ብሏል።»

«መጥቶ ይማልልኝ፣ እቴቴ።»

«ለኔ ምሎልኛል» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

መዋሸቷን አወቀ። አውቆም ሰጣት። ሰው ሲወድቅ ቁልፉን መዝዞ ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ ከወገብ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ሁለት ጊዜ አሳያት። እሷም ሁለት ጊዜ «እሺ» አለች። ስትሄድ ይሉኝታዋም፣ የራሱ ልፍስፍስነትም እኩል አስጠሉት።

በማግስቱ ጠዋት አላስችለው አለና ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰማ፤ ካለበት የማይንቀሳቀስ ድምፅ ነው። ሮጠ። የካንዞ ጀርባ ጎተራው ግድግዳ ላይ፣ እጀታው ደረቱ ላይ ነበር። ማሽኑ ወደ ኋላ እየገፋ፣ የጎማ ሰንሰለቱ በረዶውን እየቧጠጠ ይጮኻል። ማንሻው ዳግም በሲባጎ ተጠፍንጓል፤ ቁልፉ ማሽኑ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ገመዱም እንደተጠቀለለ። ቶኩጂ ቁልፉን መዘዘና ሞተሩ ጠፋ። ማሽኑን ጎትቶ ሲያላቅቅለት ካንዞ በረዶው ላይ ተዘረረ። ይተነፍሳል፣ ግን በየትንፋሹ ያቃስታል። ሱሚኤ በባዶ እግሯ ወጣች።

«ማነው ይኼን ያሰረው!» ብሎ ጮኸባት።

«እኔ ነኛ! ስድስት ዓመት ሙሉ የማስርለት እኔ ነኝ። ጣቱ አይጨብጥም እኮ፤ ሸሚዙን እንኳ የምቆልፍለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ላንተ?» አለ ካንዞ ከወደቀበት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ለታናሼ... እጄ ሞተ ብዬ ልንገር?»

ሱሚኤ አምቡላንስ ልትጠራ ገባች። ቶኩጂ ተንበርክኮ የወንድሙን ጓንት አወለቀ። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። ሞተር ምን እንደሚያመው በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ በስድስት ክረምት አንድ ቀን እንኳ «ለምን ታስረዋለህ?» ብሎ አልጠየቀም። በሕይወቱ ካያቸው ቆሻሻዎች ሁሉ በዚያች ሰዓት የራሱን ያህል ያስጠላው አልነበረም። አምቡላንሱ እስኪደርስ ያንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሲያሻሸው ቆየ። ካንዞም አልነጠቀውም።