የመላጣው ቀበቶ

አባቴን ያሳሰረው አንድ መላጣ ታጋይ ነው። ይህን ስናገር የሰማኝ ሁሉ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ነገሩን ፖለቲካ ያደርገዋል። ሰውዬው ግን ጂንካ የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ የማያውቅ፣ በጠባብ ቁምጣ ሪንግ ውስጥ እየዘለለ ሰው የሚጥል፣ በቪዲዮ ካሴት የመጣ ፈረንጅ ነው። መሳቅ የፈለገ እዚህ ጋ ይሳቅ፤ ወደ ኋላ ላይ ብዙ ቦታ አያገኝም።

አባቴ በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። እናቴ የአሪ ልጅ ናት፤ ጂንካ ተመድቦ ሳለ አግብቷት እኔን ወለዱ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተላከ። መንግሥት ሲለወጥና ሠራዊቱ ሲበተን ማዕረጉን፣ ደመወዙንና የፊት ጥርሶቹን እዚያው ጥሎ ተመለሰ። ያኔ የቀድሞ ወታደር መሆን የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ሥራ የሚሰጠው አጣ። ድሮ «ሃምሳ አለቃ» ብሎ ከወንበሩ የሚነሳለት ሰው መንገድ ላይ ሲያየው ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። የቀረው ነገር ቢኖር እንግሊዝኛው ነው፤ በሬዲዮ ኮርስ የለቀማት፣ ቁርጥራጭ ብትሆንም የራሱ የሆነች እንግሊዝኛ። የቪዲዮ ቤት የከፈተው ነጋዴ የፈለገውም ይህችኑ ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ገበያው ጥግ ላይ ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ክፍል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ሲላላ ጓሮ ያለው ጀነሬተር ይነሳል። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የቢሮ ሠራተኛ፣ እህሉን ሸጦ የጨረሰው የአሪ ገበሬ፣ ከበና የመጣው ጎረምሳ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። እኔ በር አጠገብ እናቴ ያፈላችውን ሻይ እሸጥ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። አባቴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የፈረንጆቹን ወሬ በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ከመሀል ደግሞ አንድ ሰው የአባቴን አማርኛ ወደ አሪኛ ይመልሳል። አንዱ ቡጢ ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ የኋላ አግዳሚ ጋ ሲደርስ የተመታው ሰውዬ ተነስቶ ቆሟል።

ሬስሊንግ ግን መደባደብ ብቻ አይደለም፤ ቀበቶ አለ። የወርቅ መልክ ያለው፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያክል ነገር የተለጠፈበት የሻምፒዮን ቀበቶ። አባቴ የዚያን ቀበቶ ታሪክ ሰው የትውልድ ሐረጉን እንደሚይዘው ነበር የያዘው፤ ማን ከማን እንደወሰደ፣ ማን እንዳስመለሰ፣ ማን በዳኛ ተንኮል እንደተነጠቀ። መንገድ ላይ ሰዎች እያስቆሙት «ሃምሳ አለቃ፣ አሁን ቀበቶው በማን እጅ ነው?» ይሉት ጀመር። ማዕረጉ በዚያ በኩል ተመለሰለት። ሸሚዙን ተኩሶ መልበስ ጀመረ፣ ጢሙን ይላጭ ጀመር። እናቴ ጸሎት ቤት ውስጥ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ኃጢአት በተሰበከ ቁጥር አቀርቅራ ትሰማለች። ባሏ ቀና ብሎ ሲሄድ ስላየችው ሌላው ሌላው አላሳሰባትም።

ችግሩ የካሴቶቹ አመጣጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተው በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል በጭነት መኪና ነው የሚመጡት፤ የወይጦ ወንዝ ከሞላ እዚያው ማዶ ይከርማሉ። ሲደርሱም በተራቸው አይደርሱም፤ የዘንድሮው ይቀድምና የአምናው ይከተላል። ይህን ያኔ ማንም ልብ አላለም። ለእኛ ዛሬ የታየ ዛሬ የሆነ ነው።

አንድ ቅዳሜ መላጣው ሻምፒዮን በአንድ ጸጉረ ረጅም ወጣት ተዘረረ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። መላጣውን ማንም አይወደውም ነበር፤ ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ጠብቆ ዓይን ውስጥ ጣት የሚሰድ፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው። በሚቀጥለው ካሴት ግን ያው መላጣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ከች አለ። ሰው ግራ ገባው። አስተዋዋቂው ስሙን ጠርቶ «ስቲል ሻምፒዮን!» እያለ ጮኸ። አባቴ «ስቲል» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ መስረቅ ማለት ናት፤ ካምፕ ውስጥ ከመጋዘን ዕቃ በጠፋ ቁጥር የሰማት ቃል ናት። ነገሩ ሁሉ ግጥም አለለት። መላጣው ተሸንፏል፤ ሲያስመልስ ማንም አላየም፤ ቀበቶው ግን ወገቡ ላይ ነው፤ ፈረንጁ ራሱም አፉን ሞልቶ ሰርቋል እያለ ነው።

አባቴ ማጉያውን ከፍ አድርጎ «ሰርቆ ነው!» አለ። «ተሸንፎ ሲያበቃ ሰርቆ ነው ሻምፒዮን የሆነው!»

የበናው ጎረምሳ ተነስቶ ቆመ። «ያ ጸጉር ልጅ ወንድም የለም እሱ?» አለ። «ቀበቶ ሲሰርቁት ለምን ዝም አለ?»

ሰው ሁሉ እውነቱን ነው አለ። ከዚያ ወዲያ አስተዋዋቂው «ስቲል» ባለ ቁጥር አባቴ «ሌባ ነው!» ይላል፣ ቤቱ ደግሞ «ይውረድ! ይውረድ!» ብሎ ይቀበለዋል። ልጆች እንኳ እንግሊዝኛዋን ጠብቀው ከአባቴ እኩል ይጮኹ ነበር።

በአማርኛችን ሪንግ ላይ የሚታገለውም ታጋይ ነው፤ ከጫካ መጥቶ መንግሥት የሆነውም ያን ጊዜ የሚጠራው ታጋይ ተብሎ ነው። አባቴ በማጉያው «መላጣው ታጋይ» ሲል የኖረው ሌላ ቃል ስላልነበረው ነው። በዚያ ዓመት ከተማችን ውስጥ ሥልጣን ከያዙት ሰዎች አንዱ ደግሞ የቀድሞ ታጋይ ነበሩ፤ እንደ ክፉ ዕድል ሆኖ ራሳቸው ሙልጭ ያለ መላጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያው ዳር ሰው ሰብስበው ሲያነጋግሩ ከቆርቆሮው ቤት የአንድ የደርግ ወታደር ድምፅ በማጉያ ወጣ። «መላጣው ታጋይ ሌባ ነው! ተሸንፎ ሰርቆ ነው የተቀመጠው!» ቤት ሙሉ ሰውም «ይውረድ!» አለ። ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው መሬት መሬት አየ። ሳቅ ያመለጠውም ነበር ይላሉ።

ካሴቱ ሳያልቅ ፖሊሶች መጡ። አባቴን ከነማጉያው ወሰዱት።

ጥያቄውን እሱ ለእናቴ ነግሯት፣ እሷ ነች ለእኔ የነገረችኝ። ሹሙ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። «ሌባው ማነው?» «መላጣው ነው ጌታዬ።» «የቱ መላጣ?» «ታጋዩ።» አባቴ ቀና ብሎ የጠያቂውን ራስ ላለማየት ወለሉን ያይ ነበር አሉ። በጥፊ የመታው የለም። በሩ ግን ተዘጋበት።

ነገሩን የፈታው የእንግሊዝኛ አስተማሪው ነው፤ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ገና አንድ ፍሬ ልጅ። ተጠርቶ ካሴቱን ሰማና እውነቱን ተናገረ። «ይቺ ቃል መስረቅ አይደለችም፤ አጠራሯ ይመሳሰላል እንጂ እስከ አሁንም ማለት ናት። እስከ አሁንም ሻምፒዮኑ እሱ ነው እያለ ነው። ካሴቱም ከመሸነፉ በፊት የተቀረጸ፣ የቆየ ነው። እኚህ ሰውዬ እንግሊዝኛ ባለማወቃቸው የተሳሳቱት ነው እንጂ ምንም ክፋት የለባቸውም።» ልጁ ሊያድነው ነው እንዲህ ያለው፤ እናቴ እስክትሞት ትመርቀው ነበር። እኔ ግን ያችን «ባለማወቃቸው» የምትለውን ቃል ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሹሙም ቢሆኑ መውጫ ሲፈልጉ ነበርና ተነፈሱ። እንግዲያው ይፈታ፣ ነገር ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ማጉያ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እንግሊዝኛ አላውቅም፣ የተናገርኩትም ስህተት ነው ይበል አሉ።

አባቴ እምቢ አለ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እናቴ ምሳ እቃውን ይዛ በገባች ቁጥር ትለምነው ጀመር። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ገብቼ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ» አለችው። «ብለህ ውጣና ቤትህ ግባ። እንግሊዝኛ ከልጅህ ይበልጣል?»

አባቴ እጁን ሳይታጠብ ምግቡን አየው። «ጦርነቱን ተሸነፍኩ፣ እሺ» አለ። «ማዕረጌን ገፈፉኝ፣ እሺ። ባለ ፖለቲካ ነው ብለው ይሰሩኝ፤ ስወጣ ሰው ነኝ። አላውቅም ብዬ ከወጣሁ ምን ሆኜ ነው የምወጣው?»

«አባወራ ሆነህ ነዋ!» አለች እናቴ። ያኔ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ እግሯ አብጦ ነበር። እያለቀሰች ወጣች፤ እኔም እየተጎተትኩ ተከተልኳት። አባቴ የተሸነፈው ለሹሙ ሳይሆን ለዚያ እብጠት ይመስለኛል። በማግስቱ እሺ ብሏል ተባለ።

በዚያ ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። አባቴ እናቴ የተኮሰችለትን ሸሚዝ አልለበሰም፤ ታስሮ የከረመበትን ካፖርት እንደደረበ ቆመ። ማጉያውን አፉ ጋ አደረገ፣ አወረደ፣ መልሶ አነሳ። «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም» አለ። «እስከ ዛሬ የነገርኳችሁ ሁሉ ከራሴ ነው። ይቅርታ።» ከመሀል ያለው ሰው ወደ አሪኛ መለሰው። እንዲስቁ ፈርቼ ነበር፤ አለመሳቃቸው ባሰ። የበናው ጎረምሳ ብቻ ከኋላ «ታዲያ ቀበቶ የማን ነው አሁን?» ብሎ ጠየቀ። ከልቡ ነው የጠየቀው። አባቴ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ ማጉያውን ለነጋዴው ሰጥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የጂንካ ልጆች ስም አወጡለት፤ «ስቲል!» እያሉ ከአጥር ኋላ ይጮኹበታል። ሃምሳ አለቃ የሚለው የለም። ስሙን ሽሽት ቱርሚ ወርዶ አንድ ትንሽ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ሆነ፤ በየጊዜው እየመጣ ያየናል። ሆቴሉ ውስጥ የሚያድረው ሁሉ ቱሪስት ነው። ፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ መንገድ ሲጠይቁት ሰላምታ ሰጥቶ አስጎብኚውን ይጠራላቸዋል እንጂ ቀኑን ሙሉ ወሬያቸውን ሲሰማ ቢውልም አንዲት ቃል አይመልስም። እንዲህ ሆኖ ጸጉሩ ሸበተ፤ ቪዲዮ ቤቱም ዲሽ ሲመጣ ተዘጋ።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። የጣለኝ እንግሊዝኛ ነው። አባቴ ባለበት ቤት ያንን መጽሐፍ ገልጬ ጮክ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም፤ እሱ በሌለበትም አፌ አልፈታ አለኝ። ዛሬ ጂንካ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ከደንበኞቼ ጋር በአማርኛና በአሪኛ እጨቃጨቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቋንቋ የለኝም።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ቱርሚን ትቶ እኔ ጋ ገባ። ብዙ ሳይቆይ ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል አስተኛሁት። ሐኪሞቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አልጋው አጠገብ ቆመው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ የሐኪም ወግ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ወረቀት አገላብጠው ይሄዳሉ። እኔ አባቴን አያለሁ።

«አባዬ፣ ምን አሉ?»

«ምን አውቄ ልጄ። የራሳቸውን ነገር ነው የሚያወሩት።»

አንድ ቀን «ወደ ቤት ውሰጂኝ» አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቁጭ ማለት አማረኝ አለ። ተቆጣሁት። መድኃኒቱን ሳትጨርስ የት አባትህ ነው የምትሄደው፣ ድነህ ትቀመጥበታለህ አልኩት። ፈገግ ብሎ «እሺ» አለኝ። በነጋታውም ጠየቀኝ፣ እንደገና ከለከልኩት። ወንድሜም ከአዋሳ ልምጣ ወይ ብሎ ሲደውል እየተሻለው ነው፣ ሥራህን ሥራ አልኩት። አባቴ ጉሉኮሱ እጁ ላይ እንደተሰካ፣ እኔ ሾርባ ላሞቅ ወጣ ባልኩበት፣ ከማያውቃቸው ሕመምተኞች መሀል አለፈ።

ዕቃውን ስሰበስብ ወጣቱ ሐኪም መጥቶ እግዜር ያጽናሽ አለኝ። እንደመሄድ ብሎ ተመለሰ። «መቼም ተዘጋጅታችሁበታል» አለ። «ጉበታቸው እንዳለቀ ገና በገቡ ሳምንት ነው ያወቁት። ከጓደኛዬ ጋር ስንነጋገር ሰምተው ስንት ጊዜ ቀረኝ ብለው ጠየቁኝ። ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያማረ እንግሊዝኛ ከሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። ለልጄ እኔው እነግራታለሁ፣ አንተ ዝም በል አሉኝ። ነግረውሻል አይደል?»

ካፖርቱን አጣጥፌ ክንዴ ላይ አደረግኩ።

«ተሳስተሃል ዶክተር» አልኩት፤ «አባቴ እንግሊዝኛ አይችልም።»