ለአዴ ሐሊማ ዝቅ ያደረግነው ፒካፕ

አሰላ ኦፊቺና ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ያኔ ጋራዥን ኦፊቺና እንለው ነበር። ዋናው መካኒክ ጋሽ በየነ ከመለዋወጫ ሣጥን የተሠራ ጠረጴዛ አሳዩኝና የዕቃ ክፍል ጸሐፊ መሆኔን ነገሩኝ። የሥራ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ከመኪና የተፈታውን እመዘግባለሁ፣ መሣሪያ አስረክቤ እረከባለሁ። ቀኑን ሙሉ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። አመሻሹ ላይ ረዳት መካኒኩ ቶላ መፍቻዎቹን ሲመልስ ነገም እመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። እመጣለሁ አልኩት።

"እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ስንሳደብ በኦሮምኛ ይሁን" አለ።

ኦሮምኛ እንደምሰማ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ በፊቴ ሲሳደብ አልሰማሁም።

ሁለት ዓመት ያህል እንደሠራሁ አቶ አማን የሚባሉ ገብስ ነጋዴ ፒካፓቸውን ይዘው መጡ። የፊቱን ዝቅ አድርጉልኝ አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተን አናውቅም። ባለ መኪና ሁሉ የሚለምነን ባሌስትራ እንድንጨምርለት ነበር። ባሌስትራ ማለት አንዱ በሌላው ላይ የተደረደረ ጎባጣ የብረት ቅጠል ነው፤ መኪናውን ከአክስሉ በላይ የሚሸከመው እሱ ነው። ቅጠሉ ሲበዛ መኪናው ከፍ ይላል፤ በበቆጂ መንገድ ደግሞ ከፍ ያለውም ድንጋይ አያመልጥም።

ቶላ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ፣ "አቶ አማን፣ መኪናው ምን በደለዎት?" አላቸው።

አቶ አማን አልሳቁም። ከዲክሲስ ያመጧቸው እናታቸው አዴ ሐሊማ ባለፈው ክረምት ከበርጩማ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ድኗል፤ ግን አይታጠፍም። አሁን በቆጂ ያሉት የአዴ ሐሊማ አንድ እኅት በጠና ታመዋል፤ ድረሱልኝ ብለው ልከዋል። እናትየው በርጩማ ላይ ቆመው ጋቢና አይገቡም፤ የሚነቃነቅ ነገር ላይ ዳግመኛ አልቆምም ብለዋል። ልጆቻቸው አንሥተው እንዲያስገቧቸውም እንቢ አሉ።

"በሸክም የምሄደው መቃብር ብቻ ነው አለች" አሉ አቶ አማን።

ጋሽ በየነ መኪናውን ዞረው አዩት። ስንት ጣት ዝቅ ይበል ብለው ጠየቁ። አቶ አማን አያውቁም። የአንዲት አሮጊት እግር ምን ያህል እንደሚነሣ ደግሞ ወንድ ሄዶ አይለካም። ጋሽ በየነ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ሂጂ። እግራቸው ከመሬት ስንት እንደሚነሣ ለክተሽ ነይ። የምንፈታው ባንቺ ልክ ነው።"

አዴ ሐሊማን መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሳይነሡ እግራቸውን ወደፊት ዘረጉና ወደ ላይ አነሡልኝ። እንዲቆሙ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ትልቅ ሰውን ከመቀመጫው ተነሣ ማለት ግን አላደግሁበትም፤ ያውም የታመመን። ይዤው የሄድኩትን ክር ከመሬት እስከ ተረከዛቸው ዘርግቼ ቋጠርኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ቋጠሮው ከጋቢናው ወለል በሦስት ጣት ያንሳል። ጋሽ በየነ ይቻላል አሉ። ከየባሌስትራው ሁለት ሁለት ቅጠል ይወጣል፤ ዋናው ቅጠል አይነካም። ቶላ ብረቱን በእሳት አሙቀን እናቃናው ቢል፣ የሞቀ ባሌስትራ ጥንካሬውን አጥቶ መንገድ ላይ ይሞታል ብለው ከለከሉት።

የመጀመሪያውን ቀን ፊቱን በክሪክ አንሥተን፣ ጎማ አውልቀን፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ፈታን። በሁለተኛው ቀን ቅጠሎቹን የሚያያይዘው የመሐል ብሎን ዝጎ ተሰበረ፤ ጋሽ በየነ ብረት በሞርሳ መያዣ አስረው ሌላ አበጁ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ወረደ፤ ግን መሪው ወደ ግራ ይስብ ነበርና ዘንጉን ማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ መኪናው ጭነት እንደያዘ እንዲሆን ቶላና ዘበኛው ኮፈኑ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ በየነ ከሥር ተኝተው በአክስሉና በሞተሩ የዘይት መያዣ መካከል የቀረውን ክፍተት በጣታቸው ለኩ። ሁለት ጣት ቀርቷል። "ከዚህ በኋላ አንዲት ቅጠል አትወጣም" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ሐሊማ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። በሩን ይዘው እግራቸውን አነሡ። እግራቸው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ደግመው ሞከሩ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም።

ቶላ ክሩን ከጠረጴዛዬ ላይ አምጥቶ ከበሩ ጋር አስተያየው። ልክ ነበር።

"ተቀምጠው ነው የለካሁት" አልኩ።

ጋሽ በየነ አልተቆጡም። የተቀመጠ ሰው እግሩን ከጉልበቱ ነው የሚያነሣው፤ የቆመ ሰው ከዳሌው ነው። ያልታጠፈው ዳሌያቸው ነው። ጋሽ በየነ ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ ብለው፣ "መኪናው ከዚህ አይወርድም። መሬቱን እናውርደው" አሉ።

ለጎማዎቹ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ፊቱ ተዳፋት ነበረው፣ ነድተው እንዲወጡ። ፒካፑ ቀስ ብሎ ገባ። አዴ ሐሊማ ማንም ሳይነካቸው ጋቢና ገቡ፤ ቀሚሳቸውን አስተካክለው በሩን ራሳቸው ዘጉ። ቁፋሮው ሁለት ሰዓት አልፈጀም።

በቆጂ ሲደርሱ እኅታቸው የተቀበሩት በዋዜማው ነበር።

መጀመሪያ በትክክል ለክቼ ቢሆን ኖሮ ጋሽ በየነ ባሌስትራ እንደማይበቃ በዚያው ሰዓት ያውቁ ነበር። ጉድጓዱ በመጀመሪያው ቀን ይቆፈር ነበር። እኅትማማቾቹ ይገናኙ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ቆጥሬ ደረስኩበት።

አዴ ሐሊማ ሲመለሱ ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ቀለል ሲል ጠጋ ብዬ፣ "ተነሡ ማለት ከብዶኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

"ኢንተሎ" አሉኝ፤ ልጃገረድን የሚጠሩበት ቃል ነው። "ቆሜ እግሬ እንደማይነሣልኝ አውቅ ነበር። እንዳታዪብኝ ብዬ ተቀመጥኩ።"

ሻይ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ።

አቶ አማን በሳምንቱ ፒካፑን መልሰው አመጡ። አራቱን ቅጠሎች ከመደርደሪያ አውጥቼ አስረከብኩ፤ ቶላ መልሶ ገጠማቸው። የሥራውን ወረቀት ዘጋሁ።

በዚያ ኦፊቺና ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ለመለካት ሄጄ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ይቅርታ ጠይቄ አስነሥቼዋለሁ፤ የተቀየሙኝም አሉ። ሰው ቆሞ ለሚጠቀምበት ነገር ሰውየውን አስቁማችሁ ለኩት።